በቡላ የተለጠፈው ቴምብር

ያለ አስተማሪ ሰዓትና ሬዲዮ መጠገን የቻለ ሰው ከተጠየቀ ቡታጅራ ውስጥ እንደ እኔ ያለ የለም። ቴምብር ማላቀቅን ግን ያስተማሩኝ ባለፈው ወር ያረፉት አጎቴ ናቸው። በልጅነታቸው ቴምብሮቻቸውን አልበም ላይ በእንሰት ቡላ ለጥፈዋቸው ነበር። አንዱን ስጎትት ቀደድኩት።

"አንተ ሊቅ፣ አትጎትት! ውኃው ራሱ ይለቅልሃል" አሉኝ።

ትናንት ሻጋታ የደረሰበትን የመጨረሻውን ቴምብር ከነወረቀቱ ቆርጬ ለብ ያለ ውኃ ላይ አንሳፈፍኩት። ቡላው አልለቅ አለ። ቀለሙ እንዳይፈስ ፈራሁ፤ ጣቶቼን ጎትት ጎትት አላቸው። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ወረቀቱ ብቻውን ሰመጠ።

"አጎቴ፣ ይዩልኝ! ምንም አልተቀደደም!" ብዬ እንደ ልማዴ ወደ ባዶው ወንበራቸው ዞርኩ።

ቴምብሩን አድርቄ፣ በታጠፈች ስስ ወረቀት አያይዤ አልበሙ ላይ ከቀደድኩት ቴምብር ጎን መለስኩት። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ "አንተ ሊቅ" የሚለኝ አጣሁ።