አንድ በርጩማ ለሁለት

ቴፒ የመንግሥት እርሻ ውስጥ ቡና ለቃሚ ሳለሁ ምላሴ አያርፍም ነበር። ለቃሚ ስል ከዛፍ ላይ አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠን፣ ከደረቀው ቡና ጥቁሩንና የተበሳውን ፍሬ የምናወጣ ሴቶች ነበርን። ከከምባታ ብቻዬን ነው የመጣሁት፤ በአገሩ ዘመድ የሚባል አልነበረኝም። የነበረችኝ በጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቴ የምትቀመጥ አንዲት የዚያው አገር ተወላጅ የሸኮ ሴት ናት። አማርኛዋ ስብርብር ነው፣ የእኔም ከእሷ አይሻልም፤ ግን ቀኑን ሙሉ እናወራለን። ስንስቅ እጃችን ይቆማል፣ ካቦው ይቆጣናል።

ክረምት ገባና ቡናው ሳሳ። ካቦው ግማሾቻችን እንደምንሰናበት ነገረን፤ መጨረሻ የተቀጠረ መጀመሪያ ይወጣል። እሷ መጨረሻ ከገቡት ነበረች፣ ሦስት ልጆችም አሏት። የእርሻው ካድሬ በተገኘበት ስብሰባ ላይ ሳላስበው ተነሣሁ።

«ጓዶች፣ ቀኑን እንካፈለው። ግማሾቻችን እስከ ምሳ፣ ግማሾቻችን ከምሳ በኋላ እንሥራ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።»

«ልጄ፣ ሎሚ እራት አይሆንም» አሉኝ አንዲት አሮጊት ለቃሚ ከኋላ።

እውነታቸውን ነበር። በግማሽ ቀን ደመወዝ ማን ይጠግባል አሉ ብዙዎቹ፤ ሌሎቹ ከባዶ እጅ ይሻላል አሉ። ካቦው ሥራው እንዳይዝረከረክበት ፈራ። ብዙ ተከራክረን እጅ ሲወጣ የእኔ ሐሳብ አለፈ። ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ካቦው እያንዳንዳችን በርጩማችንን የምትጋራንን ሴት እንድንመርጥ ሲያዘን፣ ከደስታዬ ብዛት የእሷን እጅ ይዤ ወደ ላይ አነሣሁ። እሷም ሳቀች። አንድ በርጩማ የሚጋሩ ሁለት ሰዎች አብረው እንደማይቀመጡ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። በማግስቱ ልለውጥ ብል መዝገቡ ተጽፎ አልቋል።

እሷ የጠዋት፣ እኔ የከሰዓት ሆንን። ቤቷ ከወንዙ ማዶ ስለሆነ፣ የከሰዓቱ ዝናብ ወንዙን ሳይሞላው ለመሻገር ትሮጣለች። በር ላይ እንተላለፋለን፤ ደኅና ዋልሽ፣ ደኅና፣ በቃ። ስቀመጥ በርጩማው ገና አልቀዘቀዘም። ከጠረጴዛው ሥር በኮባ ቅጠል የጠቀለለችው ቅቅል ጎደሬ ይጠብቀኛል። ፊት ለፊቴ ሌላ፣ ቃል የማይወጣት ሴት ተቀምጣለች። ጎደሬውን እበላለሁ፣ ብቸኝነቴም ይብስብኛል።

አዲሱ ቡና ሲገባ ሙሉ ቀኑ ተመለሰ። እሷ ግን ከሰዓት ከሰዓት ጓሮዋን ስትቆፍር ከርማ፣ ቤተሰቧን የሚያኖር ጎደሬና ዝንጅብል አብቅላለች። ሥራዋን የለቀቀች ዕለት ዝናቡን ችላ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«እህቴ፣ ያቺ ግማሽ ቀን ባትኖር ልጆቼን ይዤ የት እገባ ነበር?» አለችኝ።

አቀፍኳት። ስብሰባው ላይ ባልናገር ኖሮ ያኔውኑ ባዶ እጇን ትሄድ ነበር፤ ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ። በማግስቱ በርጩማው ሙሉ ቀን የእኔ ሆነ። ስቀመጥበት ቀዝቃዛ ነበር።