ባዶ የተውኩት መመለሻ

ከአንዲት እናት በቀር ይህን ከአፌ የሰማ የለም። ሚስቴም አታውቅም። አሁን ለአንተ የምናገረው እንድታዝንልኝ አይደለም።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ታቦር ሰፈር ውስጥ በማታ ትምህርት ነው። ዛሬ መሃል ከተማ ያለ የዓይን ክሊኒክን የኮምፒውተር ሥርዓት የምጠብቀው እኔ ነኝ። በሥርዓቱ ውስጥ፣ ከየታካሚው ስም ትይዩ፣ "ማንበብ አይችልም፤ ይደወልለት" የሚል ዓምድ ነበረ። ድሮ እዚያ ስታከም በእኔም ስም ላይ ምልክት ተደርጎ ነበር።

መረጃው ወደ አዲስ ቅርጽ ሲሸጋገር፣ ማይግሬሽን የምንለውን ትእዛዝ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዓምዱን አጠፋሁት። የራሴን ምልክት ብቻ ባነሳ ለምን የሚል ይመጣ ነበር፤ ሁሉንም ሳጠፋ ግን ጽዳት መሰለ። ጎበዝ ተባልኩ። ለማይግሬሽን መሄጃም መመለሻም፣ ማለትም የተለወጠውን ወደ ነበረበት የሚመልስ ትእዛዝም ይጻፍለታል። እኔ መመለሻውን ባዶ ተውኩት። ረስቼ ነው? አይደለም። እንዳይመለስ ፈልጌ ነው። ዓምዱ የቀረበት የድሮው መጠባበቂያ ቅጂ በአዲስ እስኪተካም አፌን ዘግቼ ጠበቅኩ። ያፈርኩት በማን ነበር? ማንበብ በማይችሉት ወይስ በራሴ?

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የጽሑፍ መልእክት ብቻ ይላክ ጀመር። ከከተማው ዳር፣ ቡሹሎ የሚኖሩት እማማ አየለች የዓይን ሞራ ሊገፈፍላቸው ቀጠሮ ተይዞላቸው ቀሩ። "ችላ ብለው ነው" አለች የካርድ ክፍሏ ልጅ። አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። ለምን እንደቀሩ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ለኃላፊዬ "ተሳስቼ ነው" ብዬ ዓምዱን መልሼ ሠራሁት። ተሳስቼ ማለቴም ውሸት ነው። ዓምዱ ተመለሰ እንጂ ውስጡ ባዶ ነው፤ የሚሞላው እያንዳንዱ ሰው ተጠይቆ ነው። በባጃጅ ቡሹሎ ሄድኩና ለእማማ አየለች እውነቱን ነገርኳቸው።

"አንተም እንደኔ ነበርክ በለኛ" አሉ።

"አዎ፣ እማማ።"

"አሁን ታነባለህ?"

"አነባለሁ።"

"እንግዲያው ቁጭ በልና ይህን ክምር አንብብልኝ" ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ።

የሎተሪ ማስታወቂያ፣ የልጃቸው ሰላምታ፣ ከዚያ እኔው የላክሁት፦ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይምጡ።

"የትኛው ሐሙስ?"

"ያለፈ ነው። ከክረምቱ በፊት የነበረ።"

"ያለፈውን ምን ላድርገው? የሚመጣውን ንገረኝ።"

የሚመጣውን አስያዝኩላቸው። ሐኪሙም ገና አልረፈደም ብሏል። በዓምዱ ውስጥ የመጀመሪያው ምልክት የእሳቸው ሆነ።

ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ምልክታቸውን ያጠፋሁባቸውን የሌሎቹን በር ሳላንኳኳ በምን አፌ? ነገም ባጃጅ እይዛለሁ።