ለጊዜው ብዬ የከፈትኩት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን «ዋሽቻለሁ» ብዬ ነው ያለፍኩት፤ በማን ላይ እንደዋሸሁ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ይህን ለሚያነቡት፣ ለማያውቁኝ ለእርስዎ መንገር ለምን እንደቀለለኝ እንጃ። ምናልባት ፊትዎን ስለማላይ ይሆናል።

ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ጅጅጋ ውስጥ በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ከመሀል አገር ተመድቤ የሄድኩ ባለ ዲፕሎማ ነኝ፤ ሁሉም ግን «ኢንጂነር» ይለኛል፣ እኔም አላርምም። የምጠብቀው አንድ ሰርቨር ነበር። የቶጎጫሌም፣ የአዲጋላም፣ የሌሎቹም ከተሞች ጤና ጣቢያዎች በስልክ መስመር እየገቡ የሕመምተኞቻቸውን የምርመራ ውጤት እዚያ ላይ ያስቀምጣሉ። የጅጅጋውም እዚያው ነው ያለው። የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር፦ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ብቻ እንዲያይ አድርግ፣ የሌላውን ዝጋበት። ዘጋሁ። መጀመሪያ ላይ በደንብ ዘግቼ ነበር።

ከዚያ ስልኩ መጮህ ጀመረ። «ኢንጂነር፣ ፋይሌ ጠፋ!» «ኢንጂነር፣ አልገባ አለኝ!» ሐቁን ካወራን ግማሹ የመስመሩ ጣጣ፣ ግማሹ የእኔ ስህተት ነበር። የአንዱን ሳስተካክል የሌላው ይበላሻል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጫት ይዘው በርጫ ላይ የሚጠብቁኝ ጓደኞች ነበሩኝ። አንድ ቀን ተበሳጨሁና ሁሉንም ለሁሉም ከፈትኩት። ለጊዜው ብዬ ነው። እስከ ሰኞ ብዬ ነው። የትኛው ሰኞ? ስልኩ ጸጥ አለ፣ አለቃዬ አመሰገነኝ፣ እኔም ረሳሁት። አይ፣ አልረሳሁትም። እዚህ ጋም ልዋሽ ነበር።

አልረሳሁትም፤ ሆዳን ነግራኛለችና። ሆዳን በድንበሯ ከተማ በቶጎጫሌ፣ በጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ጅጅጋ ስለተማረች አማርኛዋ ፈጣን ነው፣ ሳቋም እንደዚያው። ደወለችልኝና፣ «ኢንጂነር፣ የጅጅጋን ሰው ሁሉ ውጤት እያየሁ ነው እኮ። እኔ ይሄን ማየት የለብኝም። ወላሂ፣ ዝጋው» አለችኝ። እኔ ምን አልኳት? «ታዲያ አትዪዋ!» ብዬ ሳቅኩ። ሌላ ቀን እንደገና ደወለች። በዚህኛው አልሳቀችም። «ኮምፒውተራችን አንድ ነው። ሰው ሁሉ በእኔ ስም ነው የሚቀመጥበት» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ያስከፍላል?

እውነቷን ነበር። እንደዚያ እንዲሠሩ ያስተማርኳቸውም እኔው ነኝ። መስመሩ አንዴ ከተቋረጠ ለመመለስ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅ፣ «ጠዋት ከገባችሁ በኋላ እንዳትወጡ፤ ክፍቱን ተዉት» ብያቸው ነበር። ስለዚህ ሆዳን ጠዋት በስሟ ትገባለች፤ ከዚያ ነርሱም፣ ዘበኛውም፣ ሰው ሊጠይቅ የመጣውም እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይውላል።

ቶጎጫሌ ውስጥ ጨርቅ የምትነግድ ሴት ነበረች፤ የሆዳን የአክስት ልጅ። የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ስትፈልግ ማንም እንዳያውቅባት፣ ዕቃ ላመጣ ነው ብላ በሚኒባስ ጅጅጋ መጣች። ያን መንገድ የመጣችው ለመደበቅ ብላ ነው። ውጤቷ ግን ተመልሳ ቤቷ ሳትገባ ቶጎጫሌ ገብቷል። እዚያ አገር ደግሞ ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ከተጻፈ የማን ወገን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያየው ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ባሏ ፈታት። ልጆቿን የእሱ ቤተሰቦች ወሰዱባት። ሱቋንም የሚረግጥ ጠፋ።

ውጤቷ እንዴት እንደወጣ የሚመረምሩ አጣሪዎች ሊመጡ ነው ሲባል ሰማሁና ዘጋሁት። ያን ሁሉ ጊዜ አልመች ያለኝ ሥራ የቀዳሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ሰርቨሩ የሴትዮዋ ፋይል የተከፈተው በሆዳን ስም መሆኑን ያሳያል። አጣሪዎቹ፣ ከቶጎጫሌ ሆና ይህን ማየት ትችል ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ፣ በዚህ አፌ፣ «አትችልም፤ ዝግ ነው። ሆን ብላ ሰብራ ካልገባች በቀር» አልኩ።

ሆዳን ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። «ኢንጂነር፣ ነግሬህ የለ?» አለችኝ። አልጮኸችም። የረሳሁ መስሏት ነው፤ ልታስታውሰኝ ነው። እኔ ጠረጴዛውን እያየሁ «አላስታውስም» አልኩ።

ፈራሁ ልበል? ልጄ ገና ጨቅላ ነበር ልበል? ሁለቱም እውነት ነው፣ ሁለቱም አይረባም። አልጠላኋትም፤ ብጠላት እንኳ አንድ ነገር ነበር። ለደመወዜና ለ«ኢንጂነር» ስሜ ብዬ ነው ያደረግኩት። ከሥራ ተባረረች። እሱስ በተቻለ፤ የአክስቷን ልጅ ገበና አደባባይ አወጣች ተብሎ ዘመድ ሁሉ ሰላምታ ነፈጋት። ድንበሩን ተሻግራ ሀርጌሳ ገባች አሉ። ከዚያም በጀልባ ልትሰደድ ወደ ባሕሩ ሄደች አሉ። ከዚያ ወዲያ የሚያወራም ጠፋ።

ከዓመታት በኋላ ለሥራ ቶጎጫሌ ሄድኩ። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ኮምፒውተር ተሸክሜ ሲያዩኝ ጠሩኝ። የሆዳን እናት መሆናቸውን አብሮኝ ያለው ሰው በጆሮዬ ነገረኝ።

«የጅጅጋው ኢንጂነር አንተ ነህ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ወንበሩን በሻሻቸው ጠረጉልኝ፣ የግመል ወተት ያለበት ሻይ ቀዱልኝ። «ሆዳን ስምህን ታነሳ ነበር። ስደውል ስልኩን ያነሳል፣ ጥሩ ሰው ነው ትል ነበር። ልጄ፣ አንተ በዚህ ኮምፒውተር ሁሉን አገር ታያለህ። እሷን ፈልግልኝ። መምጣቱ ይቅር፤ መኖሯን ብቻ ንገረኝ።»

እዚያው መናገር እችል ነበር። አፌ ነበረኝ፣ ጊዜም ነበረኝ። «እሞክራለሁ» አልኳቸው። የስልክ ቁጥራቸውን ሰጡኝ። ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣሁት፤ ብተወው ቅር ይላቸዋል ብዬ። ለእሱ ተጨነቅኩ።

አልሞከርኩም። የት ይሞከራል? ይቅርታም አልለምንዎትም፤ የበደልኩት እርስዎን አይደለም። የበደልኳት ያለችበትን አላውቅም፤ እናቷን ደግሞ ይህን ከጻፍኩ በኋላ እንኳ ደውዬ እንደማልነግራቸው ራሴን አውቀዋለሁ። ቁጥሩ አሁንም እኔ ዘንድ አለ። እሳቸው ግን ስልካቸው በጮኸ ቁጥር እኔ የደወልኩ ይመስላቸዋል።