ቆመን የሰማነው ጊታር

አባቴ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ሽማግሌው ጊታሪስት፣ እጃቸውን ይዛ የምትመራቸው ልጃቸው። ነገሩ የእነዚህ የአምስታችን ነው፤ ሌላው ሕዝብ ነው። ያስታወሰኝ ቅባት ነው። ሰሞኑን ጉልበቴን ስላመመኝ ልጄ ከፋርማሲ አፍንጫ የሚወጋ ቅባት ገዝታልኝ መጣች። ክዳኑን ስትከፍተው ቤቱ አባቴን አባቴን ሸተተ።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። የምማረው ላሊበላ ነው፤ ቤታችን ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። የእኚህን ሰው ጊታር የወደድኩት በሬዲዮ ነው። ዜና ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው የሳቸውን ያሰሙ ነበር። አይዘፍኑም፤ ክሩን ብቻ ነው የሚያናግሩት። እኔ እሱን ለመስማት ስል ከብት አስጠፍቻለሁ፣ ተገርፌበታለሁም።

የገና በዓል ካለፈ ሳምንት ሳይሞላው ሰውዬው ላሊበላን ሊሳለሙ መጥተው ኖሮ፣ ለከተማው ሰው በትምህርት ቤቱ ግቢ ሊጫወቱ ነው ተባለ። እኛ ገብስ ስንወቃ ነበርን።

«ለአዝማሪ ብለህ አውድማ ጥለህ ልትሄድ?» አለ አባቴ።

«አዝማሪ አይደሉም፣ አባዬ። አይዘፍኑም።»

«እንግዲያ አፍ ከሌላቸው ምን ሊነግሩህ ነው?»

እናቴ ናት ያስታረቀችን። «አብረኸው ሂድ። ብቻውን ከሄደ ከነሱው ጋር መኪና ላይ ወጥቶ ይቀርብናል» አለችው። ቀልዷን አልነበረም። አባቴ ከዓመት በፊት እርከን ሲሠራ ድንጋይ ተንከባሎ ጉልበቱን መትቶት ነበር፤ ቁልቁለት አይሆንለትም። ቢሆንም ከዘራውን ይዞ ተነሣ።

ግቢው ውስጥ ከየክፍሉ የወጡ አግዳሚዎች ተደርድረዋል። ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐዩ ደረቅ፣ ነፋሱ ገለባ ገለባ የሚሸት። መብራት ስለጠፋ ጄኔሬተር ከክፍሎቹ ጀርባ ይንጣጣል። አባቴን ለዕድሜው ብለው ከፊተኛው አግዳሚ አስቀመጡት፤ እኔም ከጎኑ።

ሽማግሌው በልጃቸው እየተመሩ ሲገቡ ሕዝቡ ብድግ አለ። «ኖር!» አልን በአንድ ድምፅ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሣሉ፤ እሱ «በእግዜር» ብሎ ሲመልስ ይቀመጣሉ። ልክ ያኔ ማይክራፎኑ ጮኸ። ሰውዬው አልሰሙንም። ጥቁር መነጽር አድርገዋል፤ ወንበራቸውን በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡ፣ ጊታሩን አቀፉ፣ መምታት ጀመሩ።

«በእግዜር» አላሉም። ስለዚህ ማንም አልተቀመጠም።

አንድ አስጎብኚ ጎረምሳ ቁጭ ሊል ሲል ከኋላው አንዲት ባልቴት በነጠላቸው ጫፍ ወገቡን ጠቅ አደረጉት። «ምነው፣ አሳዳጊ የለህም? እሳቸው ሳያስቀምጡን?» ሰው ሳቀ፤ ልጁ ተነሣ። የሽማግሌው ልጅ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ሆና ታየናለች። የከተማ ልጅ ናት፤ እዚያ ሙዚቃ ቆሞ ይሰማል አሉ፤ እኛም እንደዚያው መስለናት ይሆናል። የኋላዎቹ እኛን የፊቶቹን ያያሉ፣ የፊቶቹ ደግሞ አባቴን። እሱ ቢቀመጥ ግቢው ሁሉ ይቀመጥ ነበር። አባቴ ግን ከዘራውን ተደግፎ ቆሟል።

ጊታሩን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? በሬዲዮ ስሰማው ቀጭን ነበር፤ እዚያ ግን ደረቴ ውስጥ ነው የሚመታው። ጣታቸው ክሩ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ፉጨት ሳይቀር ይሰማል። አንዱን ሲጨርሱ ሰው ያጨበጭባል፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ክር ያጠብቃሉ፤ ከዚያ ሌላ።

ሦስተኛው ላይ የአባቴ እግር ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«አባዬ፣ ቁጭ በል።»

«አላስቀመጡንም።»

«አይታያቸውም እኮ።»

ዞር ብሎ አየኝ። «ካወቅህ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ንገራቸዋ።»

ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። «እሺ፣ ይችን ይጨርሱና» አልኩት። ያችን ጨረሱ። ክር እያጠበቁ ሳሉ መሄድ እችል ነበር፤ ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ታየኝና አፈርኩ። ደግሞም ከነገርኳቸው ወሬው፣ ምርቃቱ፣ ይቅርታው ይመጣል፤ ሙዚቃው ይቋረጣል ብዬ ሰጋሁ። እውነቱ ይህ ነው። «ይችንም ይጨርሱ» አልኩ ለራሴ። ስምንት ጊዜ እንደዚያ አልኩ። አባቴ ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

መጨረሻ ላይ ልጃቸው ጎንበስ ብላ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው። ሰውዬው ቀና አሉ።

«ቆማችሁ ነው? እስካሁን?» ድምፃቸው በማጉያው ግቢውን ሞላው። «ወይ የላስታ ሰው! በእግዜር! በእግዜር! ኧረ ተቀመጡልኝ!»

ያ ሁሉ ሕዝብ በአንዴ ሲቀመጥ አግዳሚው ሁሉ ሲጢጥ ያለው ይሰማኛል፣ ዛሬም። ሰው ተሳሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «እንግዲህ ይህ ለእናንተ ነው» ብለው አንድ ጨመሩ፤ ቀስ ያለች፣ ያልተቸኮለባት ዜማ። አባቴ እግሩን ዘርግቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ሰማት።

ዳገቱን ግማሹን በጀርባዬ ነው ያወጣሁት። በማግስቱ ጉልበቱ እንስራ አከለ። ኩልመስክ ከተማ ያሉ ወጌሻ አሹት፤ ጤና ጣቢያም ወሰድነው፤ ቅባቱን ሰጡን። ባለሙያው «የቆየ ጉዳት ነው፤ ባይቆምም ይመጣበት ነበር» አለኝ። ሊያጽናናኝ ይሆናል፣ እውነትም ይሆናል። እግሩ ግን ከዚያ ወዲያ አልተዘረጋም። የተረፈውን ገብስ እኔ ወቃሁ፣ እርሻውንም ያዝኩ፤ ከገና ዕረፍት በኋላ ትምህርት ቤት ሲከፈት አልተመለስኩም። ከዚያ በኋላ የማውቀውን ሁሉ ከሰው መጽሐፍ እየተዋስኩ ለብቻዬ ነው የተማርኩት።

ልጆቼ ቁጡ ነህ ይሉኛል። ነኝ። ያወቁትን ዝም ማለት ጨዋነት የሚመስለው ሰው ስላለ ነው የምቆጣው፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

አባቴ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ስልክ ከገዛሁ በኋላ ማታ ማታ «እስቲ ያችን የተቀመጥንባትን አምጣት» ይለኝ ነበር። ስሟን አያውቅም። አንዴ ብቻ፣ እናቴ ጉልበቱን እያሸችው፣ ዜማዋ ስታልቅ እያየኝ ሳቅ አለና «ይጨርሱ አልክ አይደል? ጨረሱ» አለኝ።

ሽማግሌው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ምን እንዳስከፈሉን አላወቁም፣ ልጃቸውም አታውቅም። እነሱ ያን ዕለት የከፈሉት አንድ ተጨማሪ ዜማ ነው። እኔ አሥረኛ ክፍልን ከፈልኩ። አባቴ ጉልበቱን። እናቴ ደግሞ እሱ እስኪያርፍ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየሰንበቱ እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ትከሻዋን።