ሁለት ኮብራ በአንድ ሰንሰለት

በእኛ ቤት ክርክር የሚያልቀው ደም ሲታይ ነው። አጋነነች የሚል ካለ የታላቅ ወንድሜን የፊት ጥርስ ያላየ ሰው ነው። ጥርሱን ያወለቀው ታናሹ ነው፣ ገና ልጆች ሳሉ፣ በአንድ የተጠበሰ በቆሎ ምክንያት። የታናሹ ቅንድብ ላይ ያለው ጠባሳ ደግሞ የታላቁ መልስ ነው። እኔ በሁለቱ መሀል የተወለድኩ ሴት ነኝ፤ ስገላግላቸው አድጌ ሁለቱንም መምታት ለመድኩ። መኪና ሊገዙ ነው ተብሎ ጎረቤት "እንኳን ደስ ያለሽ!" ሲለኝ እኔ ሄጄ ጥጥና አልኮል ገዛሁ።

ጊዜው የዝንጅብል ጊዜ ነበር። ያኔ ወላይታ ውስጥ ዝንጅብል የያዘ ሰው ቆርቆሮ ቤት ይሠራል፣ ልጁን ኮሌጅ ይልካል። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምንለው፣ ሶዶ ላይ መጋዘን ይዞ ዝንጅብል ወደ አዲስ አበባ ይጭን ነበር። ታናሹ ሾፌር ነው። የሰው ሚኒባስ ከሶዶ ቦዲቲ ያመላልሳል። አንድ ቀን የመኪናው ባለቤት መናኸሪያ መሀል፣ ያ ሁሉ ተሳፋሪ እያየ፣ ጎማ አስበላህ ብሎ በጥፊ አጮለው። ልጁ እጁን አላነሳም፤ እንጀራው ነዋ! ፊቱ እንዳበጠ መጥቶ ሶዶ ባለችው ትንሽ ሱቄ ውስጥ ጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ዋለ። ከሚማታው ወንድሜ ይልቅ ያ ዝም ያለው አስፈራኝ።

ጋሼ ሲሰማ እንደ እብድ አደረገው። ባለመኪናውን ፈልጎ ምን እንዳደረገው አልናገርም፤ ብቻ ሰውየው ለብዙ ጊዜ በአንድ ዓይኑ ነበር የሚያየው። ከዚያ ሱቄ መጥቶ በአባታችን አጥንት ማለ። "ከዛሬ ወዲያ የሰው መሪ አትጨብጥም። ትልቅ መኪና እገዛለሁ። አንተ ትነዳለህ። ቆላ ቢጠና ድረስ ለሚወርዱ ቢሮዎች እናከራየዋለን፣ የሁለታችን ነው" አለው። ታናሹ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ?

አንድ ደላላ ሁለት መኪና ሱቄ ደጃፍ አመጣ። ሁለቱም ላንድክሩዘር፣ ሁለቱም ሰዉ ኮብራ የሚለው ዓይነት፣ ሁለቱም ናፍጣ። አንደኛው በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠና አንድ ሞዴል ነው፤ ቱርቦ የለው፣ ማርሹ በእጅ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ወንበሩ የተቀደደ። ሌላው የዘጠና ሰባት ነው፤ ባለ ቱርቦ፣ ኦቶማቲክ ማርሽ፣ በሩ ሲዘጋ እንኳ ድምፁ ያኮራል። ጋሼ አዲሱ ላይ ሙጭጭ አለ። ታናሹ አሮጌው ላይ ችክ አለ።

"ቱርቦው ቆላ መሀል እምቢ ቢለኝ ማን ይከፍትልኛል? ይሄንን ሞተር ሶዶ ያለ መካኒክ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል!" ይላል ታናሹ።

"ያንን ቅራቅንቦ የትኛው ቢሮ ይከራየዋል? አለቆቹ የሚያዩት ሞዴል ነው!" ይላል ጋሼ።

"በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የሌለው መኪናማ አሻንጉሊት ነው። ሾፌር የሚታወቀው በግራ እግሩ ነው፣ ጋሼ። እኔን መሪ ይዞ የሚቀመጥ ጆንያ ልታደርገኝ ነው?"

"ባይራው እኔ ነኝ!"

ይሄ ቃል ሲወጣ ነገር አበቃ ማለት ነው። ባይራ በእኛ ዘንድ የበኩር ልጅ ነው። ባይራ ከተናገረ ታናሽ ይሰማል፤ አባት ሲሞት ባይራ አባት ነው። ታናሹ ግን፣ ያ መናኸሪያ ላይ እጁን ያላነሳው ልጅ፣ የሚዛኔን ድንጋይ አንስቶ ወረወረ። ጋሼ ጎንበስ ሲል ድንጋዩ የዘይት ጠርሙስ የደረደርኩበትን መደርደሪያ አገኘው። ጋሼ ቀበቶውን ፈታ። በዘይቱ ላይ እየተንሸራተቱ ተያያዙ፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ላዩ ላይ፣ ቀበቶው ሲጮህ፣ ስኳሩ ሲደፋ። እኔ ዘነዘና ይዤ ገባሁ። ያገኘሁትን መታሁ። ማንን እንደመታሁ አላውቅም፣ ሁለቱም "ኧረ በጌታ!" ብለው ጮኹ።

ደም አፍንጫው ላይ ሳይደርቅ ነው ጋሼ ያንን ሐሳብ ያመጣው። "በቃ። አባታችን በሬ እንደሚመርጠው እንመርጣለን" አለ።

አባታችን የበሬ ነጋዴ ነበር። ሁለት በሬ አምሮት አንዱን ብቻ መግዛት ሲችል፣ ሻጮቹን ለምኖ ሁለቱን በአንድ ቀንበር ይጠምድና ሽቅብ ይነዳቸዋል። ጓደኛውን እየጎተተ ቀንበሩን የሚያስቀድመውን ይገዛል። ጥርስ አይቆጥርም፣ ዕድሜ አይጠይቅም። በዚህ ተታልሎ አያውቅም። እና ልጆቹ፣ ጢም ያወጡ ሁለት ወንዶች፣ ከሞዴልና ከሞተር ሁሉ ይሄ ይሻላል አሉ። እልህ ምላጭ ያስውጣል! ደላላው እንኳ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ሽያጩ የሚያልቅ ሲመስለው እሺ አለ።

ዱቦ አጠገብ የአባታችን ግጦሽ ሜዳ ነበር። ጊፋታ፣ አዲስ ዓመታችን፣ ሊደርስ ስለነበር ዝናቡ ገና አልጠፋም፤ ሣሩ ሥር ጭቃ ነው። ሁለቱን መኪና ቂጥና ቂጥ አቁመው በዝንጅብል መጫኛ ሰንሰለት አሰሩ። ጋሼ አዲሱ ውስጥ ገባ፣ ታናሹ አሮጌው ውስጥ። መንደርተኛው ከየማሳው መጥቶ ከበበ። ደላላው እጁን ሲጥል ሁለቱም ነዳጅ ረገጡ።

እንዲህ ዓይነት ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሞተሩ ያጓራል፣ ጭቃው ፊታችን ላይ ይረጫል፣ ሰንሰለቱ ይንጣጣል። ጥቁር ጭስ ሰዉን አሳለው። "ተዉ! እናንተ እብዶች፣ ተዉ!" እያልኩ ስጮህ የሰማኝ የለም። ትንሽ ቆይቶ አዲሱ ቦታው ላይ ጎማውን ያሽከረክር ጀመር፣ ከዚያ አሮጌው ጎትቶት ሄደ። ባለ ቱርቦው ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ተጎተተ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ልጆች "ባይራው ተጎተተ! ባይራው ተጎተተ!" እያሉ ዘለሉ።

ታናሹ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ደስታው ፊቱን ልጅ አስመስሎታል። የላላውን ሰንሰለት ሊፈታ፣ ከአሮጌው ኋላ ሄዶ በግራ እግሩ በኋላ ብረቱና በሰንሰለቱ ጥምዝ መሀል ገብቶ ጎንበስ አለ። ቀና ብሎም "ጋሼ! የአባታችን በሬ አሸነፈ!" አለው።

ጋሼ ሞተሩን አላጠፋም ነበር። መሳቂያ መሆኑን እንጂ ሌላ ነገር አልሰማም፣ ወደ ኋላም አላየም። "ገና አላለቀም!" ሲል በመስኮቱ በኩል ሰምቼዋለሁ። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠ።

ሰንሰለቱ በአንድ ጊዜ ተወጠረ። ወንድሜን አንስቶ ከአሮጌው የኋላ ብረት ጋር አጣበቀው፣ እግሩንም እዚያው ቀረጠፈው። የተሰማው ድምፅ የእንጨት ነበር፣ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር። ከዚያ የእሱ ጩኸት መጣ። እኔ ወደ እሱ መሮጥ ሲገባኝ ወደ ጋሼ ነው የሮጥኩት። ከመኪናው በጸጉሩ ጎትቼ አወረድኩት፣ በጫማዬ ፊቱን ደበደብኩት፣ ነከስኩት። አልተከላከለም። "ምን ሆነ? ምን ሆነ?" ይላል። ዞሮ ሲያይ ጭቃው ላይ ተንበረከከ።

በዚያው በአዲሱ መኪና ሆስፒታል አደረስነው። ጋሼ ነዳ፣ እኔ በነጠላዬ ጭኑን አስሬ ያዝኩ። ሐኪሞቹ የቻሉትን ያህል ለፉለት፣ ነፍሱን አተረፉት። ግራ እግሩ ግን ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ሲነቃ ብርድ ልብሱን ገልጦ አየ። ወደ ጋሼ ዞሮ "አሁን ጆንያ አደረግኸኝ" አለው። ፊቱንም ወደ ግድግዳው መለሰ።

መኪና አልተገዛም። ደላላው ሁለቱንም ይዞ ጠፋ። ጊፋታ ሲደርስ በሬ ታረደ፣ የበርበሬ ዳጣው ተፈጨ፣ ታናሹ ግን ከእኔ ጓዳ አልወጣም። በጊፋታ ተጣልቶ የሚቆይ ሰው የለም፤ ታርቆ ነው ሥጋ የሚበላው። ሽማግሌዎች መጡ፣ የቸርች አገልጋዮች ጸለዩ፣ ባይራው እግሩ ላይ ወደቀ። ታናሹ ክራንቹን አንስቶ "የቱ እግሬ ላይ ነው የምትወድቀው?" አለው። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ዓመቱን ሙሉ ጨው ጆንያው ላይ ተቀምጦ ዋለ። ሾፌሮች ሲያልፉ ጥሩምባ ያሰሙታል፣ እሱ ቀና አይልም። አንጀቴ እርር ይል ነበር።

የሚቀጥለው ጊፋታ ዋዜማ ሱቄ ደጃፍ አንድ ኮብራ ቆመ። ጋሼ ወረደ። ታናሹ ያን ቅርጽ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

"አመጣኸው? አሸነፍክ በላ!" ብሎ ተነሳ። ክራንቹን በሁለት እጁ ይዞ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ የጋሼን ፊት መሀል ለመሀል መታው። አፍንጫው ሲሰበር ሰማሁ። ደሙ ሸሚዙ ላይ ወረደ። ዘነዘናዬን ፈለግሁ፣ ግን ጋሼ በእጁ ምልክት አስቆመኝ። ደሙን ሳይጠርግ በሩን ከፈተ።

"ሞዴሉን እይ። የዘጠና አንድ ነው። ሞተሩን ክፈት፣ ቱርቦ የለውም። ያንተ ምርጫ ነው፣ ሁለቱም። ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ ብቻ ነው ያስቀየርኩት" አለው። ድምፁ በአፍንጫው ደም ታፍኗል። "ወለሉን እይ።"

ታናሹ በክራንቹ እየተደገፈ ቀረበ። እኔም አንገቴን አስገባሁ። ወለሉ ላይ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ብቻ ነበር። ፍሪሲዮኑ ተነስቷል፤ የግራ እግር ቦታ ባዶ ነው፣ የሚረገጥ ነገር የለውም።

እጁን ሰዶ ባዶውን ቦታ ዳሰሰው። ከዚያ ክራንቹን ወደ ኋላ ወንበር ወረወረና መሪውን ይዞ ራሱን ሳበ፣ ተቀመጠ። ቁልፉን አዞረ፣ ያ አሮጌ ሞተር ተነሳ። ጋሼ መንገድ ዳር ቆሞ ደሙ ይንጠባጠባል፤ ልግባ አይል፣ አይሄድ።

ታናሹ በመስኮቱ አየው። የዓመቱ ቁጣ ሁሉ ፊቱ ላይ ነበር፣ አንዱም አልበረደም።

"ምን ትገተራለህ? ደምህን ጥረግና ግባ፤ ወንበሬን እንዳታበላሽ" አለው።

ጋሼ በነጠላዬ ጠርጎ ገባ።