የጌለን ስኮግሞ አጫጭር ካንዴላዎች

ጌለን ስኮግሞ ስስታም ነው። ይህን የምለው ከኋላው አይደለም፤ በሕይወት አለ፣ ከፈለገም ይስማኝ። ሠላሳ ዓመት በጉርብትና ስንኖር አንዲት ብሎን እንኳ ከእጁ ጠብ ብላልኝ አታውቅም።

በኛ በሰሜን ሚኒሶታ በረዶው ስድስት ወር ስለማይለቅ ሰው ሁሉ አንድ ያረጀ፣ በረዶ ላይ የሚጋልቡት የበረዶ ሞተር ይጠግናል። እኔና ጌለን ግን የባሰውን ነበር የያዝነው፤ ፒስተን የሌለውን፣ ሆዱ ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት የሚሽከረከርበትን። የዚህ ሞተር ካንዴላ፣ እሳት የሚጭርለት፣ አጭር መሆን አለበት። አፍንጫው ከግድግዳው ትንሽ ካለፈ የሚሽከረከረው ብረት ይላተመዋል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩን መቅበር ነው። አጭሩ ካንዴላ ደግሞ ከየሱቁ ከጠፋ ዘመን ሆኖታል። ስለዚህ ከዚህ እስከ ካናዳ ድንበር አንድ ሽማግሌ ሞቶ ጋራዡ ሲከፈት ከፓስተሩ ቀድመን የምንደርሰው እኔና ጌለን ነበርን። ሁልጊዜም እሱ ነበር የሚቀድመኝ። የኔ ሞተር ካንዴላ አጥቶ አሥራ አንድ ክረምት ሸራ ለብሶ ተቀመጠ፤ ጌለን በየየካቲቱ በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ በሞተሩ እየጮኸ ያልፋል፣ እኔ በመስኮት አየዋለሁ። አንድ እንዲሰጠኝ ለምኜው «የለኝም» ብሎኛል፤ ከሞተሩ መቀመጫ ሥር ካንዴላዎቹ ሲንኳኩ እየሰማሁ።

ባለፈው መስከረም ስትሮክ ጣለው። ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ ከአፉም አንድ ቃል ብቻ ተረፈችለት፤ «አዎ»። ሲርበውም አዎ፣ ሲያመውም አዎ፣ ሐኪሙ ስሙን ሲጠይቀውም አዎ ነው።

ሚስቱ አርዲስ በሚያዝያ ከተማው ውስጥ ወዳለው የአረጋውያን ቤት ልታስገባው ቆርጣለች። ከዚያ በፊት ግን የራሱ ሞተር ላይ ተቀምጦ፣ ከኋላዬ ታስሮም ቢሆን፣ ሐይቁን አንድ ጊዜ እንዲዞር ትፈልጋለች። ከዚህ ሌላ የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም። እኔም እሺ አልኩ፤ ያንን ሞተር መንካት ለኔም ቀላል ነገር አልነበረም።

ሰፈሩ በየዓመቱ በሐይቁ ላይ በሚያደርገው የየካቲት ጉዞ ቀን ሃያ ያህል ሰው ከነሞተሩ በግቢያቸው ተሰብስቦ ይጠብቃል። ጌለን የድሮ ቱታውን ለብሶ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ነው። ኮፈኑን ከፍቼ ካንዴላውን ፈታሁት፤ ተሰንጥቋል። በረዶው ላይ ወረወርኩት። አርዲስ ጋራዥ ገብታ አንድ ጣሳ ይዛ መጣች።

«እንካ ሎዌል፣ በገዛ እጁ ነው የጻፈበት» አለችኝ።

በጌለን ትልልቅ ፊደል «የሷ ካንዴላ፣ አትንኩ» ይላል፤ እሷ የሚላት ሞተሩን ነው። ውስጡ ቀያይ የካርቶን ፓኮዎች ተደርድረዋል። ምራቄን ዋጥኩ። አንዱን ከፍቼ ስይዘው ጌለን በደህናው እጁ የወንበሩን ክንድ ይደበድብ ጀመር።

«አዎ! አዎ! አዎ!»

«አየህ ደስታውን?» አለች አርዲስ፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ካንዴላዋን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። «ይቺ ናት አይደል፣ አንተ ሽማግሌ?»

«አዎ!» አለ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ። ሰዉ አጨበጨበ።

ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ማየት ነበረብኝ። ግን ሃያ ሰው እያየኝ ነው፣ እጄም ቸኩሏል። አሰርኩትና የማስነሻውን ገመድ ሳብኩ። ገመዱ ያዘኝ። ብርዱ ነው አልኩ፤ ጌለን መደብደቡን አልተወም፤ ባለኝ ኃይል መልሼ ሳብኩ። ከሞተሩ ሆድ የዶሮ አጥንት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ጌለን እጁን አወረደ።

ካንዴላው ሲወጣ አፍንጫው ተቆልምሟል። አሮጌውን ከበረዶው ፈልጌ ሳስተያየው አዲሱ የጥፍር ያህል ይረዝማል። ጌለን ረጃጅሞቹን በአጭሮቹ ፓኮ ከቷቸው ነበር ማለት ነው። ጋራዡ ገብቶ እጁ የሚቅበጠበጥ ሰው ደግሞ በዚህ ሰፈር ከኔ ሌላ የለም። ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ ይባላል፤ እሱ ግን ለኔ ብሎ አርቆ ምሶ ራሱ ገባበት። አዝኜለታለሁ ልበል? ተናደድኩ። የኔን ሞተር ሊገድል ነበር። አርዲስ ትከሻውን እያሻሸች ብርዱ ነው ስትለው፣ እውነቱን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን።

በሳምንቱ ጋራዡን እንዳጸዳላት ጠራችኝ። «የዛገ ሚስማር» ከተባለው ጣሳ ሥር፣ በአሮጌ ካልሲ የተጠቀለሉ አራት አጫጭር ካንዴላዎች አገኘሁ። ዝም ብዬ ኪሴ ብከታቸው ማንም አያውቅም ነበር። እኔ ግን መስኮቱ ጋ ወደተቀመጠበት ሄጄ ጉልበቱ ላይ ደረደርኳቸው።

«ልውሰዳቸው፣ ጌለን?» አልኩት።

አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ሌላዋን ቃል ሲፈልግ አየሁት፤ ብዙ ፈለገ። ላቡ ግንባሩ ላይ መጣ።

«አዎ» አለ።

«ድሮም ልቡ ቸር ነው እኮ» አለች አርዲስ ከወዲያኛው ክፍል።

አንድ በአንድ ለቅሜ ወሰድኳቸው። ሞተሬ ገመዱን ለሁለተኛ ጊዜ ስስበው ተነሳ፣ አንጀቴም ቅቤ ጠጣ፤ ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ። ሐይቁ ሰፊ ነው፣ እኔ ግን በነሱ መስኮት ፊት ለፊት ሦስት ጊዜ አለፍኩ። ከመስታወቱ ጀርባ አፉ ይንቀሳቀሳል። የሚለውን ለማወቅ መስማት አያስፈልገኝም ነበር።