የዲንቄ ቦይ

ዲንቄ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው የአቃቂን ባቡር ጣቢያ እየጠረገች ነበር። አንድ የሐምሌ ጠዋት ከፋኖሱ ሥር የጠረገችው አቧራ አልነበረም፤ አመድማ የእሳት እራት ነው፣ ያውም በእንቅብ የሚሰፈር። ክው አለች። አባቷ በልጅነቷ አሳይተዋት ነበር፤ የእሳት እራቱ እንዲህ ከበዛ እንቁላሉን ሣሩ ላይ ጥሏል ማለት ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን ተምች ይፈላል።

መናገር ነበረባት። ግን ካቻምናም ተናግራ ነበር። ያኔ ዝናቡ አጥቦት ይሁን ነፋስ ወስዶት፣ አንድ ትል ሳይታይ ቀረ። መንደሩ ታዲያ ይህን የሚረሳ መንደር መሰላችሁ? ክረምቱን ሙሉ "ሟርተኛዋ" እያለ ሳቀባት፤ ልጅ የታመመባት ሁሉ እሷን በክፉ ዓይን ታያት ጀመር። ስለዚህ አሁን አፏን ዘጋች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እንዲህ ያለው ሰው ተምች አያውቅም።

ከባሏ የወረሰችውን የጤፍ ማሳ ግን አልተወችም። የባሏን ታናሽ ወንድም ደበላን በወንፈል ጠራችው፤ ዛሬ እሱ ለእሷ፣ በአጨዳ ደግሞ እሷ ለእሱ ሊሠሩ።

"ጎርፉ ጤፌን ሳይወስድብኝ ዙሪያውን ቦይ እናውጣ" አለችው።

ደበላ ክፉ የማያስብ ሰው ነው፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ እየዋጠው ቀኑን ሙሉ ቆፈረ። የእሱ ማሳ ከእሷ ማሳ በታች ተያይዞ ያለው ነው። ልትነግረው ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ ስለ ዝናቡ አወራች።

በአሥራ አራተኛው ቀን ጥቁሩ ትል ከሐዲዱ ማዶ ካለው የግጦሽ መስክ መሬት ለመሬት እየተርመሰመሰ መጣ። ከዲንቄ ቦይ ሲደርስ ውሃው ገታው፤ ጠርዙን ይዞ ቁልቁል ታጠፈና ከደበላ ማሳ ገባ። በሁለት ቀን ከቡቃያው የተረፈ አልነበረም።

ደበላ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆሞ የእሷን ለምለም ማሳ አየ፤ ከዚያ የገዛ እጁን አየ።

"እትዬ ዲንቄ፣ ለጎርፍ ነው አላልሽኝም?"

"አውቅ ነበር" አለች እያለቀሰች። "ሟርተኛ እንዳትሉኝ ፈርቼ ነው።"

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። አልሰደባትም፤ ዶማውን ተሸክሞ ሄደ።

ኅዳር ላይ ጤፏ ደረሰ። አንድ ዘለላ ሳታጭድ በፊት ማጭዷን ይዛ ወደ ደበላ ደጅ ሄደች።

"ወንፈልህን ልመልስ መጣሁ" አለችው።

ደበላ ከተቀመጠበት አልተነሳም።

"ምኑን ልታጭጂልኝ?" አላት።